«ለበጎ ነው» እና «ምን ዋጋ አለው»
ስለ ክርስቲያናዊ ተስፋ የተዘጋጀ ትምህርት



ኀዘን በደረሰበት ቤት ስንቀመጥ ሁለት ዐይነት ንግግር እንሰማለን። አንዱ «እግዚአብሔር ያደረገው ሁሉ ለበጎ ነው» ይላል። ሌላው ከማእዘን ሆኖ ራሱን እየነቀነቀ «ምን ዋጋ አለው፤ ደጉ ይሞታል፣ ክፉው ይከብራል» ይላል። እነዚህ ንግግሮች ከለቅሶ ቤትም አልፈው በወጣቶች ውይይት፣ በቁምስና ስብሰባ፣ በሥራ ቦታና በገበያ ይሰማሉ። የመጀመሪያው ሰው ነገርን ሁሉ በብሩህ ዐይን የሚያይ በመሆኑ ብሩህ ተስፈኛ ልንለው እንችላለን። ሁለተኛው መዝሙረ ዳዊት ገና ሲጀምር ከወንበሩ እንድንርቅ የሚያስጠነቅቀን ዋዘኛ ነው። በጎነት መኖሩን ይጠራጠራል፤ በጎ ሥራ ሲያይም ከጀርባው የተደበቀ ጥቅም ይፈልጋል።

ፈረንጆች ይህን ጠባይ የሚጠሩበት ስም ከጥንት የግሪክ ፈላስፎች የመጣ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው ምእተ ዓመት የነበረው ዲዮጋንና መሰሎቹ ሀብትንና ክብርን ንቀው፣ ያገኙትን በልተው፣ በደረሱበት አድረው ይኖሩ ስለ ነበር ሰዎች በውሻ መስለው ቅጽል ሰጧቸው። ነገር ግን እነርሱ የናቁት ከንቱውን ክብር ነበር፤ በጎነትን ግን በብርቱ ይፈልጓት ነበር። የዛሬው ዋዘኛ ስማቸውን ወረሰ እንጂ ድካማቸውን አልወረሰም።

ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ከተሟገቱባቸው ጊዜያት አንዱ በታሪክ በሚገባ ተመዝግቦ ይገኛል። ለትምህርታችን ይጠቅመናልና ጥቂት እንቆይበት። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

የሊዝበን መከራ

ኖቬምበር 1 ቀን 1755 የቅዱሳን ሁሉ በዓል ነበር። በፖርቱጋል ዋና ከተማ በሊዝበን ሕዝቡ ለቅዳሴ በየቤተ ክርስቲያኑ ተሰብስቦ ሳለ፣ ከጧቱ 3 ሰዓት ከ40 ገደማ ምድር ተናወጠች። አብያተ ክርስቲያናቱ በምእመናኑ ላይ ተደረመሱ። ከፍርስራሹ ያመለጠው ሕዝብ ወደ ታጉስ ወንዝ ዳርቻ ሸሸ፤ ባሕሩ ግን መጀመሪያ ወደ ኋላ አፈግፍጎ ኋላ በታላቅ ማዕበል ተመልሶ ዳርቻውን አጥለቀለቀው። ለበዓሉ በየመሠዊያው የበሩት ሻማዎችና በየቤቱ የነደደው የምድጃ እሳት ደግሞ ቃጠሎ አስነሥተው ከተማይቱ ለቀናት ነደደች። በቅዱሳን ሁሉ ስም የተሰየመው ታላቁ ሆስፒታልም ተቃጠለ። የሟቾቹን ቁጥር የታሪክ ጸሐፊዎች በልዩ ልዩ መጠን ይገምቱታል፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር መሆኑን ግን ይስማሙበታል። የቀርሜሎሳውያን ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ የሌላቸው ቅስቶች ዛሬም በከተማይቱ መካከል ቆመው ይታያሉ።

ወሬው በአውሮጳ ሲሰማ የብዙዎች ጥያቄ አንድ ሆነ፦ የሚጸልይ ሕዝብ፣ በበዓል ቀን፣ በቅዳሴ ሰዓት፣ ለምን?

ጀርመናዊው ፈላስፋ ላይብኒትስ በ1710 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሁሉን ዐዋቂና ቸር የሆነ አምላክ ሊፈጠሩ ይችሉ ከነበሩት ዓለማት ሁሉ የተሻለውን መርጦ ፈጠረ ብሎ አስተምሮ ነበር። ሥቃይ የለም አላለም፤ ክፉ ነገር እንኳ በጠቅላላው ሥርዓት ውስጥ ቦታ አለው አለ እንጂ። ሐሳቡ ጥልቅ ነው፤ ሊቃውንትም እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ችግሩ የመጣው ሐሳቡ ከመጽሐፍ ወጥቶ በግጥምና በወግ ሲዛመት፣ የጠገበ ሰው ከምሳ በኋላ የሚናገረው የአፍ ማሟሻ በሆነ ጊዜ ነው።

ይህን የአፍ ማሟሻ ፈረንሳዊው ጸሐፊ ቮልቴር በብርቱ ተቃወመው። በዚያን ጊዜ 61 ዓመቱ ነበር፤ የሚኖረውም በጄኔቭ አጠገብ ነው። በ1756 ባሳተመው ግጥም፣ ከፍርስራሽ ሥር ሆኖ ለሚያቃስት ሰው «ይህ ሁሉ ለጠቅላላው ሥርዓት መልካም ነው» ማለት ይቻላልን? የሊዝበን ኀጢአትስ ከለንደንና ከፓሪስ ኀጢአት ይበልጥ ነበርን? እያለ ጠየቀ። ሩሶ ደግሞ በዚያው ዓመት ኦገስት 18 ቀን ረጅም ደብዳቤ ጽፎ መለሰለት። በአንድ ስፍራ ስድስትና ሰባት ፎቅ ያላቸውን ሃያ ሺህ ቤቶች አጠጋግቶ የሠራው ሰው ነው እንጂ ተፈጥሮ አይደለችም፤ ንብረቱን ሊያወጣ ተመልሶ የሞተውም ብዙ ነው ሲል ተከራከረ። ይህ ክርክር ክብደት ያለው ነው። ነገር ግን ሩሶ በዚህ ሳያበቃ ወደ ተከራካሪው ኑሮ ዞረ፦ አንተ ሀብትና ዝና ሞልቶህ ሁሉን ክፉ ታያለህ፣ እኔ ድኻውና በሽተኛው ግን ተስፋ አደርጋለሁ አለው።

እዚህ ላይ የክርክሩን አካሄድ ልብ እንበል። ዛሬም ሰዎች ስለ መልካምና ስለ ክፉ ሲሟገቱ ብዙ ጊዜ ከነገሩ ወጥተው ወደ ተናጋሪው ኑሮ ይዞራሉ። «እንዲህ የምትለው ስላልደረሰብህ ነው» ይባላል፤ «አንተስ ማን ሆነህ ነው» ይባላል። ይህ የሰውን ልብ ያቆስል ይሆናል፤ ለጥያቄው ግን መልስ አይሆንም። ከሁሉ የሚያስደንቀው ሁለቱም ሊዝበንን በዐይናቸው አለማየታቸው ነው።

ቮልቴር ሕመም ምክንያት ሆኖት በአጭር ቃል ብቻ መለሰ። በ1759 ግን «ካንዲድ» የተባለውን ልብ ወለድ አወጣ፤ ሩሶም መልሱ ይህ መጽሐፍ እንደ ሆነ ቈጠረው። በውስጡ ፓንግሎስ የሚባል መምህር አለ፤ መርከብ ቢሰጥም፣ ከተማ ቢፈርስ፣ ራሱም ቢሰቀል ሁሉ ደኅና መሆኑን ከማስተማር አያርፍም። አንባቢ ሁሉ ሳቀ። የመጽሐፉ መጨረሻ ግን ሳቅ አይደለም፤ የደከሙት ሰዎች ክርክሩን ትተው አትክልት ሲኰተኵቱ ይታያሉ።

ቮልቴር በቤተ ክርስቲያናችን ላይ ብዙ የተሳለቀ ሰው መሆኑ የታወቀ ነው። እውነቱን መሸሸግ ግን አይገባንም። በ1762 በቱሉዝ ከተማ ዣን ካላስ የተባለ ፕሮቴስታንት ልጁን ገድሏል ተብሎ በግፍ በተገደለ ጊዜ፣ ፍርዱ በ1765 እስኪሻር ድረስ ለሦስት ዓመት የደከመለት ይኸው ዋዘኛ የተባለው ሰው ነው። ከልቡ ምንም ዋጋ የለውም ብሎ የሚያምን ሰው ለማያውቀው ሟች ስም ሦስት ዓመት አይለፋም።

ሦስተኛው ድምፅ

በሊዝበን ውስጥ ሌላም ድምፅ ነበር። ኢየሱሳዊው ካህን ገብርኤል ማላግሪዳ በ1756 ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ፣ የመከራው ምክንያት የሕዝቡ ኀጢአት ነው፤ የተፈጥሮ ነገር ነው ማለትም ነውር ነው ሲል ጻፈ። የንጉሡ ሚኒስትር፣ በኋላ የፖምባል ማርኪስ ተብሎ የታወቀው፣ በዚህ ተቈጥቶ ከከተማ እንዲርቅ አደረገው፤ በ1761ም ሽማግሌው ካህን በሐሰት ክስና በግፍ ፍርድ ተገደለ። አሟሟቱ ግፍ ነበር፤ አስተያየቱ ግን ከወንጌል ጋር አይስማማም። ሉቃስ በምዕራፍ 13 እንደሚነግረን፣ በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት 18 ሰዎች ጌታችን ራሱ ተናግሯል። ከሌሎቹ የኢየሩሳሌም ነዋሪዎች ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ ካረጋገጠ በኋላ የንስሓን ጥሪ በሕይወት ወዳሉት ወደ ሰሚዎቹ መለሰው። የወደቀውን ሰው ኀጢአት መቍጠር የእኛ ድርሻ አይደለም።

እነዚህ ሁሉ ሲጽፉ ሲሟገቱ ብዙ ሰው የማያስታውሰው ሥራ ይሠራ ነበር። ፖምባል ጨካኝ ገዥ ነበር፤ ኢየሱሳውያንንም በ1759 ከአገር ያስወጣ እርሱ ነው። በዚህ ነገር ግን ብልህ ሆነ፤ ለአገሪቱ ቁምስናዎች ሁሉ ጥያቄ ላከ። የምድር መናወጡ በስንት ሰዓት ጀመረ? ምን ያህል ቆየ? ባሕሩ አስቀድሞ ሞላ ወይስ ሸሸ? ምድር ተሰነጠቀችን? ስንት ቤት ፈረሰ? ስንት ሰው ሞተ? ካህናቱስ ምን አደረጉ? መልሱን የጻፉት ቆሞሶቹ ናቸው። ወረቀቶቻቸው በፖርቱጋል ቤተ መዛግብት ተጠብቀው፣ የመሬት መንቀጥቀጥን የሚመረምሩ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይጠቀሙባቸዋል። ከተማይቱም እንደ ገና ስትሠራ መንገዶቿ ሰፍተው፣ ቤቶቿ በግንባቸው ውስጥ እርስ በርሱ በተሳሰረ የእንጨት ማገር ተይዘው ቆሙ።

እነዚያ ቆሞሶች ስለ መከራው ምን ያስቡ እንደ ነበር ማን ያውቃል? ምናልባት እኩሌቶቹ እንደ ማላግሪዳ ያስቡ ነበር። ሆኖም ተቀምጠው ሙታናቸውን ቈጠሩ። ሙታንን መቍጠር «ሁሉ ደኅና ነው» ለሚል ሰው አያስፈልገውም፤ «ምንም ዋጋ የለው» ለሚልም ድካም ነው።

ተስፋ ምንድን ነው?

በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2091 እና 2092 በተስፋ ላይ የሚፈጸሙ ሁለት ኀጢአቶችን ያመለክታል፤ አንዱ ተስፋ መቍረጥ፣ ሌላው በከንቱ መታመን ነው። በከንቱ የሚታመን ሰው ወይ በራሱ ኀይል ይመካል፣ ወይም ሳይመለስ ምሕረትን እጠብቃለሁ ይላል። ብሩህ አስተያየት ሁሉ ኀጢአት ነው አንልም። ነገር ግን «ለበጎ ነው» ብሎ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው ወደዚህ ኀጢአት ደጃፍ መቅረቡን ማስተዋል ይገባል።

እርግጥ ይህ የሕዝባችን አነጋገር መሠረቱ መልካም ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 8፣ እግዚአብሔር ለሚወዱት ነገርን ሁሉ ለበጎ እንደሚያደርግ ያስተምራል። የደረሰው ሁሉ በራሱ በጎ ነው ግን አላለም። ይኸው ሐዋርያ በምዕራፍ 12 ከሚያለቅሱ ጋር እንድናለቅስ አዝዞናል፤ ሁሉ በጎ ቢሆን ኖሮ ልቅሶው ለምን ያስፈልግ ነበር?

የሁለቱን ልዩነት ከትንቢተ ኤርምያስ ይልቅ በግልጥ የሚያሳይ አላገኘሁም። በምዕራፍ 28 ሐናንያ የተባለ ነቢይ የባቢሎን ቀንበር በሁለት ዓመት ይሰበራል ብሎ ለሕዝቡ ደስ የሚያሰኝ ቃል ተናገረ። ኤርምያስ አልተሳለቀበትም፤ አሜን፣ እንዲህ ይሁን አለ። ነገር ግን ቃሉ ሐሰት መሆኑን ኋላ ገለጠለት። በምዕራፍ 32 ደግሞ ከተማይቱ በባቢሎን ሠራዊት ተከባ፣ ኤርምያስ ራሱ በዘበኞች አደባባይ ታስሮ ሳለ፣ የአጎቱ ልጅ የዓናቶትን እርሻ ግዛኝ አለው። ጠላት የያዘውን መሬት ማን ይገዛል? ኤርምያስ 17 ሰቅል ብር መዝኖ ሰጠ፣ ውሉን ፈርሞ አተመ፣ ብዙ ዘመን እንዲቆይም በሸክላ ዕቃ እንዲያኖረው ለባሮክ ሰጠው። ከተማይቱ እንደምትወድቅ ራሱ የተነበየ ሰው ነው። ሐናንያ ግን ስለ ሁለት ዓመት ሲናገር እርሻ መግዛቱን መጽሐፍ አይነግረንም።

ለመምህራን

ይህን ትምህርት ለወጣቶች ስታቀርቡ «ከሁለቱ ማን አሸነፈ» ወደሚል ክርክር እንዳይለወጥ ተጠንቀቁ። አንድ ወጣት «ምን ዋጋ አለው» ሲል ከመገሠጽ በፊት ምን እንደ ደረሰበት ጠይቁት። ብዙ ጊዜ ከፌዙ በታች የታመነበት ሰው ክዶት የቀረ ልብ አለ። «ለበጎ ነው» የምትለውን እናትም አታርሟት፤ ራሷ ስለ ራሷ ኀዘን ስትለው ጸሎት ነው። እኛ ስለ እርሷ ኀዘን ስንለው ግን ሌላ ነገር ይሆናል። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት በዝምታ መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር፤ በእግዚአብሔር ዘንድ ያስወቀሳቸው ከዚያ በኋላ የተናገሩት ነው።

ለሚቀጥለው ስብሰባ ሉቃስ 13፥1–5፣ ኢዮብ 2፥11–13 እና ኤርምያስ 32፥1–15 ይነበቡ። ከንባቡ በኋላ እያንዳንዱ ቡድን ወረቀት ይዞ፣ የፖርቱጋል ቆሞሶች እንዳደረጉት፣ ስለ ራሱ ሰፈር ይጻፍ፦ በዚህ ዓመት ስንት ቤት ኀዘን ገባ? ከአርባ ቀን በኋላ እንደ ገና የተጠየቀው የትኛው ነው? ብቻውን የቀረ ሽማግሌ፣ ትምህርት ያቋረጠ ልጅ፣ በሕመም ምክንያት ከቅዳሴ የቀረ ማን ነው? ስሞቹ ለቆሞሱ ይሰጡ፤ የትኛው ቡድን የትኛውን ቤት እንደሚጎበኝም በዚያው ቀን ይወሰን።