በስልክ ስለሚያዝ ክሪፕቶ ገንዘብና ስለ አጠባበቁ

ሰው ገንዘቡን የሚጠብቀው እንደ ገንዘቡ ጠባይ ነው። በኢትዮጵያ አሞሌ ጨው ገንዘብ በነበረበት ዘመን ባለቤቱ የሚፈራው ዝናምን ነበር። ማርትሬዛ ብር በመጣ ጊዜ ሌባን ፈርቶ በእንስራ አድርጎ ከመሬት ቀበረው፤ የወረቀት ብር በወጣም ጊዜ ከእሳትና ከአይጥ መጠበቅ ግድ ሆነ። ዛሬ ደግሞ በእጅ የማይዳሰስ ገንዘብ ወጥቷል፤ ስሙም ክሪፕቶ ይባላል። የዚህን ገንዘብ ጠባይ ያላወቀ ሰው ስልኩን አጥብቆ እንደ ያዘ ገንዘቡን ሊያጣ ይችላል።

ከክሪፕቶ ገንዘብ ሁሉ የታወቀው ቢትኮይን ነው። ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም የተጠራ፥ ማንነቱ ግን በርግጥ ያልታወቀ ደራሲ በ2008 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አሳቡን በጽሑፍ ገለጸ፤ በ2009ም ሥራው ተጀመረ። የዚህ ገንዘብ ሂሳብ የሚጻፈው ባንድ ባንክ መዝገብ ሳይሆን በዓለም ላይ በተበተኑ ብዙ ኮምፒዩተሮች ነው። ስለዚህ ገንዘቡ በስልኩ ውስጥ የለም። ዋሌት በሚባለው የስልክ አፕ ውስጥ ያለው መዝገቡን የሚያዝ ቁልፍ ብቻ ነው። መዝገቡም ቁልፍ ይጠይቃል እንጂ የባለቤቱን ስም አይጠይቅም፤ አንድ ጊዜ የተላከውንም የሚመልስ ሹም የለበትም።

ከሁሉ አስቀድሞ ሕግን ማወቅ ይገባል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማስጠንቀቂያ የአገሪቱ መገበያያ ብር መሆኑን አስታውቆ፥ በክሪፕቶ መገበያየት ያልተፈቀደ መሆኑን ገልጿል። ስለዚህ ይህ ትምህርት ግዙ የሚል ምክር አይደለም። ነገር ግን ስልክ በየመንደሩ ገብቷልና፥ በውጭ አገር የሚኖርም ዘመድ ስለዚህ ገንዘብ ያወራልና፥ ሰው ሳያውቅ እንዳይታለል ነገሩን መረዳት ይጠቅመዋል።

ዋሌት በስልክ ላይ በተከፈተ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ 12 ወይም 24 ቃላት ለባለቤቱ ይሰጠዋል። ቃላቱ 2048 ቃላት ካሉበት ዝርዝር በዕጣ እንደሚወጡ ያህል ያለ ምርጫ የወጡ ናቸው። ስልኩ ቢሰበር እነዚህን ቃላት በተራቸው በሌላ ስልክ ላይ በመጻፍ ገንዘቡ እንደ ገና ይገኛል። እንደዚሁም ሌባ ቃላቱን ያወቀ እንደ ሆነ፥ ስልኩን ሳይነካ በሩቅ አገር ተቀምጦ ሁሉን ይወስዳል። እንግዲህ እውነተኛው ገንዘብ ቃላቱ ናቸው ማለት ነው።

ቁልፍ ከጠፋ ምን እንደሚሆን በእንግሊዝ መንግሥት ውስጥ በዌልስ፥ በኒውፖርት ከተማ የደረሰው ያስረዳል። ጄምስ ሃውልስ የሚባል ሰው 8000 ያህል የቢትኮይን ቁልፍ ያለበት የኮምፒዩተር ዕቃ በ2013 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከቆሻሻ ጋር ተጥሎ ጠፋበት። የከተማው ማዘጋጃ ቤት የቆሻሻውን ክምር እንዲቈፍር አልፈቀደለትም፤ ነገሩ ለፍርድ ቤት ቀርቦም በጥር 2025 ተፈረደበት። ገንዘቡ ግን በመዝገቡ ላይ ተጽፎ እንዳለ ነው፤ የሚከፍተው የለም።

የሚገባውም ጥንቃቄ ይህ ነው።

1ኛ፤ ቃላቱን እንደ ተራቸው በማይለቅ ቀለም በወረቀት ላይ ጽፎ፥ ሁለት ቅጂ አድርጎ በሁለት ልዩ ልዩ ስፍራ ማኖር ይገባል። ዳዊትን በቃሉ ለያዘ ሰው 12 ቃላት አይከብዱትም፤ ነገር ግን ሰው ይታመማል፥ ይሞታልም፤ የቃል ትምህርት ብቻውን ወራሽ የለውም።

2ኛ፤ ቃላቱን በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት አይገባም። በየካቲት 2025 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ካስፐርስኪ የተባለው ድርጅት በስልክ ውስጥ ያሉ ሥዕሎችን እየመረመረ እነዚህን ቃላት የሚሰርቅ ፕሮግራም በጎግል ፕሌይና በአፕል መደብር ባሉ አፖች ውስጥ መገኘቱን ገልጿል።

3ኛ፤ ቃላቱን ለማንም አለመናገር ነው። በቴሌግራም የዋሌቱ ሠራተኛ ነኝ ብሎ የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ ነው፤ እውነተኛ ሠራተኛ አይጠይቅምና። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደ ተባለ፥ የተነገረ ቃል አይመለስም።

4ኛ፤ ስልኩን በይለፍ ቃል መቈለፍ፥ ዋሌቱንም ሰው ከላከው ፋይል ሳይሆን ከሠሪው እውነተኛ መደብር መውሰድ ያስፈልጋል።

5ኛ፤ ገንዘብ ሲላክ የተቀባዩን አድራሻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማስተያየት ነው። የተገለበጠውን አድራሻ በሌባ አድራሻ የሚለውጥ ክፉ ፕሮግራም አለና። ብዙ ከመላክ በፊት ጥቂት ልኮ መድረሱን ማረጋገጥ ይሻላል።

6ኛ፤ ስልኩ የተሰረቀ እንደ ሆነ፥ ሳይውል ሳያድር ቃላቱን በሌላ ስልክ ላይ ጽፎ ገንዘቡን ወደ አዲስ ዋሌት ማዛወር ይገባል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ይህን አስቀድሞ መለማመድ መልካም ነው።

ለሽማግሌዎች ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ አንድ አደጋ አለ። የቃላቱ ዝርዝር በእንግሊዝኛና በጥቂት ሌሎች ቋንቋዎች እንጂ በአማርኛ አልወጣም። ስለዚህ የላቲን ፊደል የማያውቅ አባት ስልኩን ለጎረቤት ልጅ ሰጥቶ፥ ልጄ ሆይ፥ ጻፍልኝ ይለዋል። ልጁ ታማኝ ቢሆን እንኳ ወረቀቱ ሌላ እጅ ሊገባ ይችላል፤ ታማኝ ባይሆን ደግሞ አባት ቁልፉን በገዛ እጁ አስረከበ። ኋላ ገንዘቡ በጠፋ ጊዜ ሌባውን የሚያሳይ ማስረጃ ስለማይገኝ፥ በጎረቤትና በጎረቤት መካከል ጥርጥርና ጠብ ይገባል፤ ንጹሑም ልጅ ሌባ ይባላል።

ስለዚህ መምህር ለሽማግሌ የሚያደርግለት በጎ ሥራ ቃላቱን መጻፍ አይደለም፤ 26ቱን የላቲን ፊደላት ማስተማር ነው። በእንግሊዝኛው ዝርዝር ውስጥ እያንዳንዱ ቃል በመጀመሪያዎቹ 4 ፊደሎች ከሌላው ስለሚለይ፥ ትርጓሜውን ሳያውቁ ፊደሉን ብቻ ለይቶ መገልበጥ ይበቃል። መምህሩም በሰሌዳ ላይ የሚጽፈው የልምምድ ቃል ይሁን እንጂ የማንም ሰው እውነተኛ ቃል አይሁን። ሽማግሌው ፊደሉን ከለየ በኋላ ብቻውን ተቀምጦ በገዛ እጁ ይጻፍ፤ መምህሩም ፊቱን ይመልስ።

ጥያቄ፤

1. ስልክ ቢጠፋ ገንዘቡ የማይጠፋው ስለ ምንድን ነው?
2. ቃላቱን በፎቶግራፍ ማኖር ምን ያመጣል?
3. መምህር የሽማግሌን ቃላት መጻፍ የማይገባው ስለ ምንድን ነው?