ጴጥሮስ እግሩን በከለከለ ጊዜ

ስለ ትሕትናና ስለ ትዕቢት የሚጠና ትምህርት
ንባብ፤ ዮሐንስ 13፥1-17፤ ፊልጵስዩስ 2፥5-8

ትዕቢት ምን እንደ ሆነ ብንጠየቅ ሁላችን ፈጥነን እንመልሳለን። ደረቱን ነፍቶ የሚራመደውን፥ በሰርግ ቤት ሰውን እየገፋ ወደ ላይኛው ወንበር የሚያልፈውን እናመለክታለን። ቃሉ ራሱ ይህን ይነግረናል። ትዕቢት «ዐቢይ» ከሚለው የግዕዝ ቃል የወጣ ነውና ራስን ታላቅ ማድረግ ነው፤ ትሕትናም «ታሕት» ከሚለው የወጣ ነውና ከበታች መሆን ነው። እንግዲህ ከላይ የተቀመጠው ትዕቢተኛ፥ ከታች የተቀመጠው ትሑት ይመስላል። ነገር ግን በታችኛው ስፍራ ተቀምጦ የሚኖር ትዕቢት አለ፤ የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህኛው ነው። ይህን በቤት ጸሎት የምታነቡ ሁሉ ከቍጥር 6 እስከ ቍጥር 9 ያለውን አስቀድማችሁ በቀስታ አንብቡት።

በደጋው አገራችን የእንግዳን እግር ማጠብ ከጥንት የቆየ ልማድ ነው። መንገደኛ መሽቶበት ሲገባ የቤቱ ልጅ ገበቴውን አቅርቦ፥ ውኃውን ለብ አድርጎ እግሩን ያጥበዋል፤ አጥቦም ይስመዋል። አጣቢው ሁልጊዜ ታናሹ ነው። አባት በልጁ እግር ሥር፥ ጌታ በሎሌው እግር ሥር ሲንበረከክ ያየ ሰው የለም። ስለዚህ ጴጥሮስ ለምን እንደ ደነገጠ ለእኛ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። እኛም በስፍራው ብንሆን እግራችንን በሰበሰብን ነበር፤ ያዩንም ሁሉ «እንዴት ያለ ትሑት ሰው ነው!» ባሉን ነበር።

ጌታችን ግን እንዲህ አላለውም። ካላጠበው ከእርሱ ጋር ዕድል እንደማይኖረው ነገረው። ይህ እጅግ ብርቱ ቃል ነው። ጴጥሮስ «ጌታ» እያለ በሚጠራበት በዚያው አፉ ጌታውን ይከለክለው ነበርና። ማስጠንቀቂያውን በሰማ ጊዜም እጄንም ራሴንም ጨምርልኝ አለ። ጴጥሮስ መቼም መካከለኛ ነገር አያውቅም። በፊተኛው ቃሉም በኋለኛውም ምን ያህል መታጠብ እንደሚገባው የሚወስነው እርሱ ራሱ ነበረ። የትዕቢት ሥር ይህ ነው፤ ከሰው በላይ መሆንን መውደድ ብቻ አይደለም፥ የማንም ባለ ዕዳ መሆንን አለመውደድ ነው። የሰጠ ሰው ቀና ብሎ ይሄዳል፤ የተቀበለ ሰው ግን አንገቱን ይደፋል። በጸጋ የሚድን ሰው ደግሞ እስከ ሞቱ ድረስ ተቀባይ ነው።

ማርቲን ሉተር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1521 ዓ.ም. ከጳጳሱ ተወግዞ፥ ከንጉሠ ነገሥቱም ተፈርዶበት በዋርትቡርግ ግንብ በተሸሸገ ጊዜ፥ የማርያምን የምስጋና ጸሎት ትርጓሜ ጽፎ ፈጸመ። በዚያም መጽሐፍ ማርያም የራሷን ትሕትና እንዳላመሰገነች፥ ያመሰገነችው ወደ ዝቅተኛነቷ የተመለከተውን እግዚአብሔርን እንደ ሆነ አስረዳ። እውነተኛ ትሑት ሰው ትሑት መሆኑን አያውቅም ብሎም አስተማረ። የተናቀ ልብስ እየለበሱና ዝቅ ያለ ቃል እየተናገሩ በዚያ መከበርን የሚሹትንም ገሠጸ።

እነዚህን ሰዎች ለማግኘት እስከ ጀርመን አገር መሄድ አያስፈልገንም። ታላቅ ሰው ሲገባ ብድግ ብለን «ኖር» እንላለን፤ መልካም ልማድ ነውና አንነቅፈውም። ነገር ግን ጸልይ ሲባል ሦስት ጊዜ እስኪለመን ድረስ የሚያፈገፍግ፥ አንድ ጊዜ ብቻ ተለምኖ ተራው ለሌላ ቢሰጥ የሚያኰርፍ ወንድም በየማኅበሩ አለ። ለሽምግልና ሲመረጥ «እኔ አይገባኝም» ይላል፤ ሰዎች ቃሉን ቢያምኑት ግን ይቀየማል። ስለ ፈሪሳዊው በሉቃስ 18 ስናነብም እንደ ፈሪሳዊው ስላልሆንን እግዚአብሔርን እናመሰግናለን!

ክርስቶስ ግን ዝቅ ያለው ሊታይ አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ እንደሚያስረዳው የባሪያን መልክ ይዞ እስከ መስቀል ሞት ድረስ ወረደ። በዚያች ሌሊት ከታጠቡት እግሮች መካከል የይሁዳም ነበሩ፤ ይሁዳ የወጣው ከዚያ በኋላ መሆኑን ቍጥር 30 ያሳየናል። ጌታ አሳልፎ የሚሰጠውን ዐውቆ ሳለ ገበቴውን በፊቱ አላሳለፈውም።

ይህን የምንጽፈው ከዳር ቆመን አይደለም። ከነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ወጥተን ብዙ ሳንቆይ በዚሁ ምዕራፍ ስንሰብክ፥ ጌታ ማጠብ የጀመረው ከጴጥሮስ ነው ብለን ተናገርን። ከጉባኤው በኋላ ዓይናቸው የደከመ፥ ፊደልም ያልቈጠሩ አንድ ሽማግሌ በወጣቶች ፊት «ቄስ፥ የልጅ ልጄ ስታነብልኝ ማጠብ ከጀመረ በኋላ ወደ ጴጥሮስ መጣ የሚል ሰማሁ፤ እንግዲያ በሌላ ጀምሮ አልነበረምን?» ሲሉ ጠየቁን። እውነታቸውን መሆኑ ወዲያው ገባን። ሆኖም የተማርናትን ጥቂት የግሪክ ቋንቋ አንሥተን እርሳቸው በማይከተሉን መንገድ መለስንላቸው። ወጣቶቹ ሣቁ፤ ሽማግሌው ዝም አሉ።

ከዚያ ወዲያ አራት እሑድ በጓሮው በር ወጣን። በየሌሊቱ ተንበርክከን ትቢያና አመድ ነን እያልን እንጸልይ ነበር፤ ይህ አላስቸገረንም። ለአንድ ሽማግሌ «ተሳስቼ ነበር» ማለት ግን አቃተን። በጌታ እራት ቀን ጽዋውን ስናቀርብላቸው እጃችን ተንቀጠቀጠ።

በአምስተኛው ሳምንት ወደ ቤታቸው ሄድን። በአገራችን በደለኛ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ የሚለምንበት ሥርዐት አለ፤ እኛ ድንጋይ ባንሸከምም ዳገቱ በዚያ ቀን ረዘመብን። ወራቱ ክረምት ነበርና እስከ ጕልበታችን ጭቃ ሆነን ደረስን። በደላችንን ተናገርን። እርሳቸውም «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብለው የልጅ ልጃቸውን ውኃ አስመጡና ገበቴውን ወደ ራሳቸው ስበው ዝቅ አሉ።

እኛም ደንግጠን «አይሆንም አባቴ! እንዴት ተደርጎ! ማጠብ የሚገባኝ እኔ ነኝ» ብለን እግራችንን ሰበሰብን።

ሽማግሌው ሣቅ ብለው «ከጴጥሮስ ጀመረ ያሉት እርስዎ አይደሉም? እንግዲህ ዛሬ ከቄሱ ይጀመር» አሉን።

ጥቂት ቆይተን አንዱን እግራችንን ሰጠናቸው። ጭቃው ብዙ ስለ ነበረ ልጅቱ ሁለተኛ ውኃ እስክታመጣ ጠበቅን፤ ከዚያም ሌላውን ሰጠን።