ስታዲየም አካባቢ ለመከራየት የስድስት ወር ልክፈል?

ጥያቄ፦ የምሠራው አያት ነው። ስታዲየም አካባቢ አንድ ክፍል ቤት አግኝቻለሁ፤ አከራዩ ግን የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ፣ ውሉም ለአንድ ዓመት ብቻ ይሁን ይላሉ። ልቀበል?

መልስ፦ በዚህ መልኩ አይቀበሉ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅን ይከለክላል። የውሉ ዘመንም ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። ካዛንቺስ በ2017 በብዛት ከፈረሰ ወዲህ መሀል ከተማ ቤት መፈለግ እንዴት እንደሚያስጨንቅ ይገባኛል፤ ጭንቀቱ ግን መብትዎን አያስቀርም።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ በ30 ቀን ውስጥም ወረዳው ዘንድ ይመዝገብ። አንዳንድ አከራዮች ግብር ፈርተው ኪራዩ ተቀንሶ ይጻፍ ይላሉ። በፍጹም አይስማሙ፤ ክርክር ቢነሳ ማስረጃዎ የተመዘገበው ውል ነው። ኪራዩንም በእጅ ሳይሆን በባንክ ወይም በቴሌብር ይክፈሉ። ጭማሪ የሚኖረው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል ከሚያሳውቀው መጠን ሳያልፍ ነው። ቆጣሪው የጋራ ከሆነ የመብራትና የውሃ ድርሻዎን በውሉ ያስጽፉ። የደላላውንም ክፍያ ቤቱን ከማየትዎ በፊት ይነጋገሩ።

ቦታው ለሥራዎ ይመቻል። ከ2008 ጀምሮ የሚሠራው ቀላል ባቡር ሁለቱ መስመሮች ስታዲየም ላይ ይገናኛሉ፤ የአያቱም የቃሊቲውም ባቡር በዚያው ያልፋል፤ ስለዚህ ከመሳፈርዎ በፊት መድረሻውን ያረጋግጡ። ውሉን ከመፈረምዎ በፊት ግን በሥራ ቀን፣ በመግቢያ ሰዓትዎ፣ አንድ ጊዜ ተሳፍረው ግፊያውን ይዩት።