በሠርግ ላይ የካህኑ ሥራ ምንድን ነው?

ሠርግ ሲነሣ ሁላችንም መጀመሪያ ትዝ የሚለን ዳሱ፣ ጠላውና የሚዜዎቹ ጭፈራ ነው። ግን አንድ ነገር እንጠይቅ። ወንድና ሴትን ባልና ሚስት የሚያደርጋቸው ምኑ ነው? የካህኑ ቡራኬ ነው? የሽማግሌዎቹ ምስክርነት ነው? ወይስ የሁለቱ ቃል? መልሱ ከሃይማኖት ሃይማኖት ይለያያል።

ከቅርባችን እንጀምር። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በድንግልና የቆዩ ሙሽሮች የሚጋቡበት ሥርዓት ተክሊል ይባላል። ካህኑ ጸሎት ያደርሳሉ፣ ቀለበቱን ይባርካሉ፣ ሙሽሮቹን ቅብዐ ቅዱስ ይቀባሉ፣ በራሳቸው ላይ አክሊል ይደፋሉ። ሙሽሮቹም አስቀድሰው አብረው ይቈርባሉ። እዚህ ላይ ካህኑ ምስክር ብቻ አይደሉም። ያለ እሳቸው ተክሊል የለም።

ነገር ግን እውነቱን እንነጋገር። ከመካከላችን በተክሊል የተጋባው ስንቱ ነው? ቁርባን ጥብቅ ነው፤ አንዴ ከቆረቡ መፋታት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ገበሬው ብዙውን ጊዜ የሚጋባው በሰማንያ ነው። በሰማንያ ዋናዎቹ ሽማግሌዎቹና ዋሶቹ ናቸው። የወንዱ ወገን ይህን ያህል ከብት፣ የሴቷ ወገን ይህን ያህል እየተባለ ይቈጠራል፤ ቃል ይገባል። ዱሮ የሚማለው በንጉሥ ስም ነበር። ቄሱ ቢመጡም ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጠው ይመርቃሉ እንጂ አያጋቡም። ልጅ ወልደው፣ ልጅ ድረው፣ ጠጉራቸው ከሸበተ በኋላ አብረው የሚቈርቡ ባልና ሚስት ብዙ ናቸው።

እንዲህ መቆየት የማይችለው ቄስ ለመሆን የሚፈልገው ዲያቆን ነው። ካልመነኰሰ በቀር ቅስና ከመቀበሉ በፊት ድንግል አግብቶ መቊረብ አለበት። በዚህ ሰበብ በአንዳንድ ገጠር ለዲያቆን የምትታጨው ልጅ ገና ሕፃን ሆና ትገኛለች። ወደዚህ ነገር ኋላ እንመለሳለን።

የአይሁድ ሥርዓት ደግሞ ሌላ ነው። የአይሁድ ካህን ዛሬ ረቢ የሚባለው መምህር ነው ብለን እናስብ ይሆናል። ረቢው ግን ሕግ አዋቂ እንጂ ካህን አይደለም። ሙሽራው ራሱ፣ ዘመድ ባልሆኑ ሁለት ምስክሮች ፊት፣ በሙሽሪት ጣት ላይ ቀለበት ያደርግና እንደ ሙሴ ሕግ ሚስቱ መሆኗን ይናገራል። ከዚያ ኬቱባ የሚባል ጽሑፍ ይነበባል። ባል ለሚስቱ ያለበት ግዴታ፣ ቢፈታት ወይም ቢሞት የምታገኘው ገንዘብ እዚያ ላይ ተጽፏል። ረቢው ሥርዓቱ እንዳይጓደል ይጠብቃል፤ ምርቃቱንም ያስብላል። እንግዲህ ውልና ምስክር ስላለው ነገሩ ከተክሊል ይልቅ ለሰማንያችን ይቀርባል ማለት ነው።

በጎንደር አካባቢ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ግን እንደ ክርስቲያኑ ቄስ ነበራቸው። በሠርጉ ቀን ቄሱ በሙሽራው ግንባር ላይ ነጭና ቀይ ፈትል ያስሩ ነበር። ሥርዓቱ ቀሸራ ይባላል። ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላ ይህ ሥልጣን ቀረ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣ ሕግ የአይሁድን ጋብቻና ፍቺ በረቢዎች ፍርድ ቤት እጅ አድርጎታል። ይባስ ብሎ ረቢዎቹ ለማግባት የሚመጡትን ቤተ እስራኤል መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ተነከሩ አሏቸው። አይሁድነታችሁ ያጠራጥራል ማለት ነው። ስንት ዘመን በሃይማኖቱ ምክንያት የተገፋ ሰው ይህን እንዴት ይስማ? እ.ኤ.አ. በ1985 በኢየሩሳሌም፣ ከዋናው የረቢዎች ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት፣ አንድ ወር ያህል ተቀምጠው ተቃወሙ። በኋላ የናታንያ ከተማ ረቢ ዴቪድ ሸሉሽ ያለዚያ ሥርዓት ያጋቧቸው ጀመር። ዛሬም በረቢ ፊት ተጋብተው ቄሱን ለምርቃት የሚጠሩ ቤተሰቦች አሉ።

አሁን ወደዚያች ሕፃን ልጅ እንመለስ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ወይም በባህል የተፈጸመን ጋብቻ ይቀበላል። ስለዚህ ቄስ ያጋቡት በሕግም ጋብቻ ነው። ነገር ግን ሁለቱም 18 ዓመት የሞላቸው መሆን አለባቸው፤ ሁለቱም በፈቃዳቸው እሺ ማለት አለባቸው። ይህን ቄስም ሽማግሌም አባትም ሊያልፈው አይችልም። «ቄሱ ባርከውታል እኮ» ቢባል መልስ አይሆንም። ፍትሐ ነገሥቱም ቢሆን የሁለቱን ፈቃድ ይጠይቃል። የ12 ዓመት ልጅ እሺ ብትልስ፣ ምኑን አውቃ ነው?

ጋብቻው መመዝገብም አለበት። ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ቀበሌ ይመዘግባል። ባል ሲሞት ወይም ቤት ሲፈርስ የመሬትና የከብት ክርክር ይነሣል። ያን ጊዜ ቄሱ አርፈው፣ ዋሶቹ አልቀው ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ ግን አለ። ለመመዝገብ ባልና ሚስት ከምስክሮቻቸው ጋር ይሄዳሉ። ስማችንና ዕድሜያችን በትክክል መጻፉን ከመፈረማችን በፊት እናንብብ፤ አሁን እንችላለንና።