ማለትና ማድረስ

ብዙ የጭነት መኪናዎች ተከታትለው፣ እርስ በርስ ተጠባብቀው ሲያልፉ ሰው «ኮንቮይ ነው» ይላል። ቃሉ የውጭ አገር ቃል ነው። በእንግሊዝኛ አንድ ወንድም አለው፤ «ኮንቬይ» ይባላል። ሁለቱም ወደ እንግሊዝኛ የገቡት ከፈረንሳይኛ ነው። ሥራቸው «ቪያ» የሚለው የላቲን ቃል ሲሆን፣ «ቪያ» መንገድ ማለት ነው። «ኮንቬይ» በመጀመሪያ ሰውን በመንገድ አጅቦ ማድረስ ነበር። ኋላ ዕቃ ማጓጓዝ ሆነ። ከዚያም ሐሳብን ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ማድረስ ማለት ሆነ።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። «ሰላምታዬን አድርሱልኝ» እንል የለም እንዴ? ሰላምታ እግር ያለው ይመስል ይሄዳል፣ ይደርሳል።

ታዲያ ማለትና ማድረስ አንድ ናቸውን? አይደሉም። እንበል አንድ ሰው ገበያ ውሎ ሲመለስ «የከብት ክትባት የፊታችን ሐሙስ ነው፤ ለመንደሩ ንገር» ተባለ። እሱም መንገድ ላይ ላገኘው እረኛ ጮክ ብሎ ተናግሮ አለፈ። እረኛው «ሐሙስ» የሚለውን ሰማ፤ የትኛው ሐሙስ እንደሆነ ግን አልያዘም። ሰውየው «ብያለሁ» ቢል አልዋሸም። ከብቶቹ ግን ሳይከተቡ ቀሩ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህን ሰው «አለ» ይለዋል እንጂ «ኮንቬይ አደረገ» አይለውም። መልእክቱ አልደረሰማ!

የቃሉን አገባብም አስተውሉ። «ነገርኩት» ስንል ሰሚው በቃሉ ውስጥ አለ። ከ«ኮንቬይ» በኋላ ግን ቀድሞ የሚጠራው መልእክቱ ነው፤ ተቀባዩ ከኋላ ይመጣል። አድራሹም የግድ ሰው መሆን የለበትም። ፊት፣ ድምፅ፣ ዝምታም ሐሳብ ያደርሳል። ለቅሶ ቤት አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠ ሰው ምንም ሳይናገር ሐዘኑ ይገባናል።

«ኮንቬይ» በእንግሊዝ አገር የሕግ ቃልም ነው። የመሬት ባለቤትነትን በጽሑፍ ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር ማለት ነው። በአማርኛም «ማስተላለፍ» እንደዚሁ ነው፤ መልእክትም ይተላለፋል፣ መብትም ይተላለፋል። እዚህ ላይ ነው መጠንቀቅ። በኢትዮጵያ በ1987 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሰረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው ግን ሕግ በፈቀደው መጠን የመጠቀም መብቱን ለተወሰነ ጊዜ ማከራየት፣ ለቤተሰቡም ማውረስ ይችላል። እንግዲህ በወረቀት ላይ «አስተላልፌአለሁ» ብቻ ተጽፎ ብታገኙ ምን ተላለፈ ትላላችሁ? የሁለት ክረምት እርሻ ነው? ወይስ የዕድሜ ልክ? ጸሐፊው በልቡ ኪራይ ብሎ ይሆናል፤ ወረቀቱ ግን የልብን አያደርስም። ጣት ከመንከሩ ወይም ከመፈረሙ በፊት ምን፣ ለማን፣ ከመቼ እስከ መቼ የሚለው መጻፉን ራሳችሁ ፊደል በፊደል አንብቡ።

መልመጃ፦ «መሬቴን ለጎረቤቴ አስተላልፌአለሁ።» በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የጎደለው ምንድን ነው? ኪራይ እንደሆነ እንዲታወቅ አድርጋችሁ በደብተራችሁ ላይ እንደገና ጻፉት። ከዚያም ጎረቤታችሁ ያንብበውና የተረዳውን ይንገራችሁ።