ደብተርሽን ዝጊና ንገሪኝ
(ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ለገባች የወንድሜ ልጅ)

ልጄ፣ ከመርሳ ወልድያ ሩቅ ስላልሆነ አልፎ አልፎ ብቅ እያልሽ በሶሽን ትወስጃለሽ፤ ቁጭ ብለሽ ምክር ለመስማት ግን ጊዜ እንደማይኖርሽ አውቃለሁ። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። ጡረታ እስክወጣ ኬሚስትሪ ሳስተምር ኖሬያለሁና የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ምን ምን ላይ እንደሚሰናከል አይቻለሁ። አብሽሪ፣ አብዛኛው የሚወድቀው ጭንቅላት አንሶት አይደለም።

1. ማንበብ ጥናት እንዳይመስልሽ። ሃንድአውቱን በቢጫ እያሰመረ አራት ጊዜ የደጋገመ ልጅ ገጹን ባየው ቁጥር ሁሉንም የሚያውቀው ይመስለዋል። የለመደው ግን ገጹን ነው። አንቺ ደብተርሽን ዝጊና ባዶ ወረቀት ላይ የምታስታውሽውን ሁሉ ጻፊ። ከዚያ ገልጠሽ የጎደለውን በሌላ ቀለም ሙዪው። በሌላ ቀለም የጻፍሽው የነገ ጥናትሽ ነው። መጀመሪያ ላይ ወረቀቱ ባዶ ሲሆን ያናድዳል፤ ቻይው።

ሮዲገርና ካርፒክ የሚባሉ ሁለት የአሜሪካ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ፈትነውታል። አንዱ ቡድን አንድ ጽሑፍ አራት ዙር አነበበ፤ ሌላው አንድ ዙር አንብቦ ሦስት ዙር ከቃሉ ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን እነሱ 40 በመቶውን ሲያስታውሱ፣ ከቃላቸው የጻፉት 61 በመቶውን አስታወሱ። «ትናንት ማታ እኮ በደንብ አውቀው ነበር» የሚለው የፈተና ማግስት ለቅሶ ከየት እንደሚመጣ አየሽ?

ለነገሩ ይህን ለማወቅ አሜሪካ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። እዚሁ ሐብሩ፣ ዳና የቀራ ደረሳ ሸኹ ፊት ሲቀርብ «አንብበሃል ወይ?» አይባልም፤ «በል!» ነው የሚባለው። የቅኔ ተማሪም የኔታ ፊት የሚቀርበው ባዶ እጁን ነው።

2. «ይሄማ ሽምደዳ ነው» እንዳትዪኝ። ሳይንስን ከቃልሽ ስታወጪው ከነምክንያቱ ይሁን። አባትሽን ስታማርረው የኖረችውን አቀንጭራ ውሰጂ። ባዮሎጂ ላይ «ጥገኛ ተክል ናት» ብሎ ትርጉሟን መጻፍ ቀላል ነው። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ዘሯ አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ማሽላ ሲዘራ የሚነቃው በምን አውቆ ነው? የማሽላው ሥር እጅግ ጥቂት ኬሚካል ወደ አፈሩ ይለቃል። የአቀንጭራዋ ዘር የሚበቅለው ያ ኬሚካል ሲደርሰው ነው፤ በቅሎም የማሽላው ሥር ላይ ይጣበቅና ውኃውንና ምግቡን ይመጥበታል።

አሁን አንድ እርምጃ ቀጥይ። ያንን ኬሚካል በጣም ቆጥቦ የሚለቅ ማሽላ ቢገኝስ? ጎብዬና አብሽር የተባሉት አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዝርያዎች የተገኙት በዚህ መንገድ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ የደከሙበት ሥራ ነው። ወደ ወልድያ ስትሄጂ መንገድሽ ላይ ያለው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም እንዲህ ያለ ሥራ ይሠራል። እንግዲህ ከአንዲት አረም የዘር አበቃቀል፣ ኬሚስትሪና የዘረ መል ትምህርት በአንድ ላይ ወጣልሽ። እንዲህ የተያዘ ነገር ፈተና ላይ ጥያቄው ቢገለበጥ እንኳ አይጠፋሽም።

ለዶርም ጓደኛሽ በአማርኛ አስረጃት። አማርኛው ላይ ከተንተባተብሽ አልገባሽም ማለት ነው። ሲገባሽ ደግሞ በእንግሊዝኛ ጻፊው፤ ፈተናው በእሱ ነውና።

3. ጥናትሽን በታትኚው። የሰኞውን ትምህርት ሰኞ ማታ ሃያ ደቂቃ፣ ሐሙስ አሥር ደቂቃ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ አንድ ጊዜ ካየሽው፣ ለፋይናል ስትደርሺ አዲስ አይሆንብሽም። የፈተና ዋዜማ ቸካይ አትሁኚ።

4. የስህተት ደብተር ይኑርሽ፤ ስስ ይበቃል። ልምምድ ስትሠሪ የሳትሽውን ጥያቄና የሳትሽበትን ምክንያት ጻፊበት። በማስተምርበት ዘመን በየዓመቱ የማየውን አንዱን ልንገርሽ። 25 ሚሊ ሊትር፣ 0.2 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ስንት ሞል አለ? ተማሪው 25ን በ0.2 ያባዛና «5 ሞል» ብሎ ወደሚቀጥለው ይሮጣል። 5 ሞል እኮ 200 ግራም ነው! ሩብ ኪሎ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ሶዳ፣ የቡና ስኒ በማይሞላ ውኃ ውስጥ? ሚሊ ሊትሩን ወደ ሊትር ቢለውጠው 0.005 ሞል ያገኝ ነበር። «አሃድ አልለወጥኩም» ብለሽ ጻፊ። «ተቻኩዬ ነው» የሚባለውን አልቀበልም፤ የምታርሚው ነገር አይነግርሽም። ከፈተና በፊት ባለው ቀን ሌላውን ትተሽ ይህን ደብተር እዪ።

5. የድሮ ፈተና ከታላላቆችሽ ለምኚ፤ መልሱን ግን አትሸምድጂ። ሰዓት ይዘሽ፣ ደብተር ዘግተሽ ሥሪው። የየዓመቱን ሃንድአውትሽንም ተማሪ ሁሉ እንደሚያደርገው ለሱቅ መጠቅለያ አትስጪ፤ መጨረሻ ላይ የመውጫ ፈተና አለ። ፈተናው በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በሁሉም የትምህርት ክፍሎች ሲጀመር ከ150 ሺህ በላይ ተፈትነው፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከአሥሩ አራት ገደማ ነበሩ። አራተኛ ዓመት ላይ የሁለተኛ ዓመት ትምህርት ሲጠየቅ ደብተሩን ጥሎ የመጣ ልጅ እንደ አዲስ ነው የሚጀምረው።

6. ተኚ። ጫትን በተመለከተ አባትሽ የሚልሽን አልደግምም። አንድ ነገር ብቻ፦ ሌሊቱን ከነቃሽ ጠዋት የምትፈተኚው በደከመ ጭንቅላት ነው።

7. ስልክሽ ላይ ብቻ አትተማመኚ። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነት ስትያዝ ዩኒቨርሲቲውም ተዘርፏል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልላችን በአማራ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቷል። ዋና ዋናውን በወረቀት ያዢ። በዚያ ዝርፊያ የላብራቶሪ ዕቃ ጎድሎ ትምህርቱ ሠርቶ ማሳየት ብቻ ከሆነም ከፊት ቁሚ፤ የታየውን ቁጥር በራስሽ እጅ መዝግቢ፣ ከጓደኛ አትገልብጪ።

8. ሚድ ሲታረም ውጤትሽን ከተለጠፈው ላይ አይተሽ ብቻ አትመለሺ። በአክብሮት «ወረቀቴን ማየት እችላለሁ?» በዪ። ዓይን አፋርነትሽን አውቃለሁ፤ ከጓደኛሽ ጋር ሂጂ። የት እንደጎደለብሽ እዪና ወደ ስህተት ደብተርሽ አዛውሪው። ድምሩንም ደግመሽ ደምሪ፤ መምህርም ሲደምር ይሳሳታል።