ስለ ኢስኮናዋ ቋንቋ ድምፅ

በደቡብ አሜሪካ፥ በፔሩ አገር፥ ኡካያሊ በሚባለው የዱር አውራጃ፥ ኢስኮናዋ የተባለ ሕዝብ አለ። ቋንቋው ከፓኖ ቋንቋዎች ወገን ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1959 ዓ.ም. ሚሲዮናውያን አግኝተዋቸው ወደ ካዬሪያ ወንዝ አመጧቸው። ከዚያ ወዲህ ልጆቻቸው የጎረቤታቸውን የሺፒቦን ቋንቋና እስፓንኛን ለመዱ፤ የአባቶቻቸውን አጥርተው የሚያውቁ እጅግ ጥቂት ሽማግሌዎች ናቸው። ስለዚህ ነገ የሚያነበው ሰው ስሕተቱን የሚያርምለት አያገኝምና ድምፁ ዛሬ በትክክል መጻፍ አለበት።

አናባቢዎቹ አራት ናቸው፤ እነርሱም ሣልስ፥ ራብዕ፥ ሳድስ፥ እንዲሁም በካዕብና በሳብዕ መካከል የሚሰማው ናቸው። እስፓንኛ ሳድስ የለውም። ዘመዱ ሺፒቦ ሲጻፍ ለዚህ ድምፅ የላቲኑን «ኤ» ይወስዳል፤ እስፓንኛ የተማረ ልጅም ኀምስ አድርጎ ሊያነበው ይችላል። የእኛ ተማሪ ድምፁን ከእናቱ ያውቀዋል። ነገር ግን አስተማሪ ሆይ፥ ተጠንቀቅ፤ የእኛ ሳድስ አንዳንድ ጊዜ ይሰማል፥ አንዳንድ ጊዜ ይዋጣል። «ልብስ» ስንል ድምፅ ያለው «ል» ብቻ ነው።

«ሰ» እና «ሸ»ም አሏቸው። ከነዚህ ሌላ የምላስ ጫፍ ወደ ላንቃ ታጥፎ የሚነገር ሦስተኛ ድምፅ አለ፤ ለእርሱ በፊደላችን ምልክት የለንም፤ በ«ሸ» ብንጽፈው ሁለቱ ይደባለቃሉ።